መናፈሻው በቁም ሳጥን በር ላይ

ወንድሜ ባለፈው ዓመት ከጀርመን ሲመጣ ለልጄ የኤሌክትሪክ አሻንጉሊት ባቡር ይዞለት መጣ። አንድ ሎኮሞቲቭ፣ ሦስት ፉርጎ፣ ክብ ሐዲድና ትራንስፎርመር፣ ሁሉም በአንድ ካርቶን። ልጄ 11 ዓመቱ ነው። የሳሎኑን ምንጣፍ ጠቅልሎ ሐዲዱን ዘረጋና ባቡሩን አንድ ሁለት ዙር እንዳዞረ፣ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ የነበረው አባዬ «እስቲ አንዷን ሐዲድ አቀብለኝ» አለው። ማስመሪያ አስመጣ፤ መነጽሩን አደረገና በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለውን ለካ። 16 ሚሊ ሜትር ተኩል። ካርቶኑን አገላብጦ 1 ለ87 የሚለውን አገኘ፤ ጋዜጣ ጠርዝ ላይ አባዛና ቀና አለ።

«አቦ! ይሄ የአዲሱ ባቡር ሐዲድ ነው። አንድ ሜትር ከ43 ተኩል። የኛ ድፍን አንድ ሜትር ነበር።»

አባዬ ዕድሜውን የፈጀው ድሬዳዋ፣ በምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ በፉርጎ አናጺነት ነው። (እዚህ ላይ «አለ» እያልኩ ስጽፍ አባቷን አታከብርም የምትሉኝ እንዳትኖሩ። ድሬ አንቱታ አልለመደብንም። አባዬን «እርስዎ» ብለው ምን አጠፋሁ ብሎ ይደነግጣል።) እናቴ ካረፈች ወዲህ አዲስ አበባ እኛ ዘንድ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ውስጥ ሲጠሩት ይመልሳል፣ ሲያቀርቡለት ይበላል፣ ቴሌቪዥን ሲከፈት ያያል። በራሱ ተነሳስቶ አንድ ነገር አምጡልኝ ሲል የሰማሁት ያን ዕለት ነው፤ ያችን ማስመሪያ።

ልጄ «ታዲያ ያንተን ባቡር እንሥራዋ፣ አባባ» አለው። አባዬ አሰበ። «ባቡሩን ተወው። ጣቢያውንም ማንም ይሠራዋል። የሚሠራ ከሆነ ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው መናፈሻ ነው» አለ።

ድሬዳዋን ለማያውቅ ልንገር። ከተማዋን የወለዳት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም እዚያ ደረሰ፤ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ከባድ ስለሆነ እታች ሜዳው ላይ ከተማ ተቆረቆረ። አዲስ አበባ የደረሰው ደግሞ በ1909 ዓ.ም ነው። በጣቢያው ወገን ያለው ሰፈር ከዚራ ይባላል፤ መንገዱ በማስመሪያ የተሰመረ፣ ግራና ቀኙ ዛፍ። ከጣቢያው በር ሲወጡ ፊት ለፊት አደባባዩ ላይ ጥላ አለ። እኛ ልጆቹ መናፈሻ የምንለው ያንን ነው። ትልቅ እንዳይመስላችሁ። ጥቂት ዛፍ፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበር፣ ሲቀናው ሳር፣ ሳይቀናው አፈር። ግን ከባቡር የሚወርድ ሰው ሁሉ በዚያ በኩል ያልፍ ነበር፤ የሚጠብቅም ሰው ሁሉ እዚያ ይቀመጥ ነበር።

መሬታችን የአሮጌ ቁም ሳጥን በር ሆነ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ80፣ ወርዱ 60 ሴንቲ ሜትር። በ87 ሲባዛ 156 ሜትር በ52 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ለመናፈሻው ከበቂ በላይ ነው። በሩን በሁለት በርጩማ ላይ በረንዳው አጠገብ አጋደምነውና ላዩ ላይ ቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን ነጭ ፎም ለጠፍንበት። ለጠፍንበት ማለቴ፣ መጀመሪያ በማስቲሽ ለጥፈነው ማስቲሹ ፎሙን በላው። በማግስቱ ስናየው መሬታችን የአይጥ ጉድጓድ የሞላበት ቆላ መስሏል። አባዬ የሳቀው ያን ጊዜ ነው። ሁለተኛውን በነጭ የእንጨት ኮላ፣ በቪናቪል፣ ለጠፍነው። ፎም የሚወደው እሱን ነው።

ከዚያ ሳሩ መጣ። እኔ ብልህ መስሎኝ መርካቶ ሄጄ ሱቅ ውስጥ የሚነጠፈውን የፕላስቲክ ሳር አንድ ቁራጭ ገዛሁ። አረንጓዴ፣ ለስላሳ፣ ያማረ። አባዬ አንድ የክብሪት እንጨት በሁለት ሴንቲ ሜትር ቆርጦ አቆመበት። «ይሄ ሰው ነው» አለ። 1 ሜትር ከ70 የሚሆን ሰው በዚህ ልክ ሁለት ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ሳሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ነበር። ሰውየው እስከ ወገቡ ሰጠመ። «አንበሳ ያለበት ሳር ነው ያመጣሽው» አለኝ። 180 ብሬ በዚያው ቀረ፤ አሁን በር ላይ እግር እንጠርግበታለን።

እውነተኛው ሳር የመጣው ከሰፈራችን አናጺ ቤት ነው። ሰጋቱራ። በሻይ ማጥለያ ነፋነው፣ የላመውን ብቻ ያዝን፣ በሦስት የተለያየ ሣህን ውሃ በበዛበት ቀለም ነከርነው፦ አንዱን አረንጓዴ፣ አንዱን ቢጫ የበዛበት አረንጓዴ፣ አንዱን የደረቀ ሳር ዓይነት። ጋዜጣ ላይ አሰጥተን አደረቅነው። አረንጓዴውን ብቻ ብትበትኑት የቢሊያርድ ጠረጴዛ ይመስላል፤ ሞክረነዋል። ሦስቱን ሳያስተካክሉ፣ እዚህ በዛ እዚያ አነስ እያደረጉ ሲበትኑት ነው ዓይን የሚያምነው። ኮላውን በውሃ እናቀጥነዋለን፤ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ካልገባበት ግን እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ይቆማል እንጂ ሰጋቱራው ውስጥ አይሰርግም። ይህን የነገረን የለም፤ ልጄ እጁን ሊታጠብ ሲል ሳሙና አፍሶበት ያገኘው ግኝት ነው። ግኝቱን ለትምህርት ቤት ጓደኞቹ ሁሉ አውርቷል።

ለአፈሩ የድሬ አፈር ካልሆነ አለ አባዬ። የአክስቴ ልጅ በውሃ ላስቲክ ሞልታ በአውቶቡስ ላከችልን፤ የደቻቱ አሸዋ ነው። ያው ዓመቱን ሙሉ ደርቆ የሚከርመው፣ በ1998 ዓ.ም ክረምት ደግሞ በሌሊት ደርሶ ያን ሁሉ ሰው የወሰደው ደቻቱ። አባዬ ላስቲኩን ከፍቶ አሸተተው። ከዚያ በአሮጌ ስቶኪንጌ ነፋው፤ ደቃቁ ለመንገዱ፣ ሻካራው ለሐዲዱ ጠጠር። ለሐዲዱ በመጀመሪያ ያሰብነው ቀይ ጤፍ ነበር፣ ልኩ ስለሚገጥም። አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላው የጤፍ ቅንጣት በ87 ሲባዛ በእጅ የሚያዝ ድንጋይ ያህላል፤ የሐዲድ ጠጠር ደግሞ እንዲያ ነው። አንድ ሌሊት አደረ። ጠዋት ከበረንዳው ስንጥቅ እስከ ድሬዳዋ ጣቢያ ድረስ የጉንዳን ሰልፍ ተዘርግቶ አገኘን። ጎረቤቴ ገብታ ስታየው ስለ ባቡሩ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። «ጤፍ? በዚህ ዋጋ?» ብቻ።

የባቡሩ ነገር እንዴት ሆነ ካላችሁ፣ ሐዲዱን አባዬ ከመዳብ ሽቦ ሠራው፤ በሁለቱ መካከል 11 ሚሊ ሜትር ተኩል፣ ድፍን አንድ ሜትር እንዲሆን። ልጄ ከሥሩ ለሚጋደመው ስቴኪኒ አቀረበ። አይሆንም አለ፤ የኛ ብረት ነበር፣ እንጨትማ ምስጥ ይበላዋል። ከቆርቆሮ እየቀጠቀጠ ለእያንዳንዷ አጎነበሰ። የጀርመኑ ባቡር በዚህ ሐዲድ ላይ አይሄድም። ልጄ ይህን ሲረዳ ከንፈሩን ጣለ፤ በኋላ ግን ክቡን ሐዲድ ከጠረጴዛው ሥር ዘርግቶ «አዲሱ ጣቢያ ከከተማ ውጭ ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ የአዲሱ መስመር የድሬ ጣቢያ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ነው ያለው።

ዛፎቹ ላይ ብዙ ቀን ቆየን። ድሬ ላይ ከሌሎቹ ጋር ያ ጃንጥላ የሚመስለው፣ ቀይ የሚያብበው አለ። ሌላው አገር የድሬዳዋ ዛፍ ይለዋል። ሽፋኑ የተላጠ የኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የመዳብ ክሮች አንድ ላይ ገምዶ፣ ወደ ላይ ሲደርስ እየከፈሉ እየከፈሉ ሲሄዱ ግንዱና ቅርንጫፉ ይወጣል። ከዚያ ሶፍት በኮላ ነክሮ መጠቅለል፣ ሲደርቅ ግራጫ ቀለም። አሥር ሜትር የሚሆነው ዛፍ 11 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው። ልጄ የሠራው የመጀመሪያው ዛፍ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጣ። «ይሄ ባሕር ዛፍ ነው። የኛው ወደ ጎን ነው የሚሄደው፤ ከቁመቱ ወርዱ ይበልጣል» አለው አባዬ፣ ሁለት መዳፉን ዘርግቶ እያሳየው። ቀኝ እጁ ባዶውን ሲሆን ይንቀጠቀጣል። ጉጠት ሲይዝ ያቆማል። ይህን ያየሁት ያን ሰሞን ነው።

ለቅጠሉ ጦስኝ አሸን። ደረቅ ጦስኝ በጣት ሲታሽ ልኩም ቀለሙም ይገጥማል፤ እስከ ዛሬ ያ ጥግ ሻይ ሻይ ይላል። ለአበባው ደግሞ አባዬ በርበሬ ካልሆነ አለ። «ያ ቀይ ሌላ ቦታ የለም። ብርቱካን የተቀላቀለበት ቀይ ነው።» ተከራከርኩ፣ ተሸነፍኩ። ኮላ በተቀቡት አክሊሎች ላይ በርበሬ ነሰነስን፣ ሦስታችንም እያነጠስን። አባዬ ልክ ነበር፤ ቀለሙ እሱ ነው። ግን ዛፎቹ መስኮት አጠገብ ነበሩና በሦስት ሳምንት ፀሐይ መጠጠው። ቀዩ ሸክላ ሆነ፣ ሸክላው ገለባ። በቀለም የነከርነውን ሰጋቱራ ተካንበት። የበርበሬውን ያህል አላማረም።

አሁን ሁሉም ነገር በቦታው ሆነ፤ ግን መናፈሻ አልመሰለም። ለምን እንዳልመሰለ ለማወቅ ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን። ሳሩ ዳር እስከ ዳር ነበር። መንገዱ ጥግ ጥጉን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አባዬ ቢላ አነሳና ከጣቢያው በር እስከ ወዲያኛው ጥግ ድረስ ሳሩን ሰያፍ ፋቀው።

«አባባ! ምን አደረግክ!»

«ሻንጣ የያዘ ሰው ዞሮ ይሄዳል?»

ልክ ነዋ። ሰው የሚያቋርጥበት ቦታ ሳር አይበቅልም። ከአግዳሚ ወንበሩ ሥር፣ እግር በሚያርፍበት፣ ሳር አይበቅልም። ከዛፉ ግርጌ ሰው ጀርባውን በሚያስደግፍበት አይበቅልም። እነዚህን ቦታዎች እያሰብን እየፋቅን ስንሄድ ነው ድንገት ያ ቦታ የሆነው። እኔ የፋቅኩት የቧንቧ ውሃ የሚንጠባጠብበትን ነው፤ በተቃራኒው እዚያ ሳሩን አበዛሁት። ከአንዱ ወንበር ላይ አንድ ጣውላ ነቀልን። አርባ አምስት ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ወንበር እኛ ዘንድ አምስት ሚሊ ሜትር ነው፤ ከስቴኪኒ ሲሠራ ጣውላ መንቀሉ ከመሥራቱ ይከብዳል።

ሰዎቹን አባዬ ከእርሳስ እንጨት ቀረጻቸው። እንጨቱ ለስላሳ ነው፣ ለቢላ ይታዘዛል፤ ውፍረቱም ለትከሻ ይበቃል። 17 ሰው ሠራ። ሊስትሮ፣ ሎተሪ አዟሪ፣ ሙሸበክ በትሪ የያዘች ሴት፣ ሽርጥ የለበሰ ሽማግሌ፣ ሸሚዙን ፊቱ ላይ ጥሎ ዛፍ ሥር የተኛ ሰው፣ ትልቅ ጥቅል ላይ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች። (ጥቅሉ ውስጥ ምን እንዳለ የድሬ ሰው ያውቃል፤ ከጅቡቲ በኩል ባቡር ሲመጣ የሚያመጣውን።) ልጄ እንደ ዳማ ጠጠር እኩል እኩል እያራራቀ ደረደራቸው። አባዬ አንድ በአንድ አነሳቸው።

«መጀመሪያ ንገረኝ፣ ስንት ሰዓት ነው?»

«የት?»

«እዚህ። መናፈሻው ላይ።»

ልጄ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ነው፤ ጥያቄው አልገባውም። እኔ ገባኝ። ድሬ ላይ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሆነ ሱቅ ዝግ ነው፣ ሰው ተኝቷል፣ መናፈሻው ላይ ያ ሸሚዝ ፊቱ ላይ የጣለ ሰውዬና አንዲት ፍየል ብቻ ናቸው። አሥራ አንድ ሰዓት ከሆነ ደግሞ ሁሉም ወጥቷል። «አሥራ አንድ ሰዓት» አለ ልጄ፣ ሰዎቹ እንዳይቀሩበት። ጥላው ወዳለበት አጨቅናቸው። ፀሐይ ያለበት ወንበር ባዶውን ቀረ።

የመጨረሻዋን ምስል አባዬ ለራሱ አስቀርቷት ነበር። ነጭ ነጠላ የለበሰች፣ ቁጭ ያለች ሴት። ማን እንደሆነች አልተናገረም፤ አላስፈለገም። በጉጠት ይዞ ሦስተኛው ወንበር ላይ፣ ፊቷን ወደ ጣቢያው በር አድርጎ አስቀመጣትና ኮላውን ጠየቀ።

«እንዲህ አይደለም፣ አባዬ» አልኩት።

«ምኑ?»

«እማዬ ወደ ጣቢያው ዞራ አትቀመጥም ነበር። ጀርባዋን ሰጥታ ነው።»

«እኔ ነኝ ከባቡር የምወርደው፣ አንቺ?» አለኝ። «ከበሩ በወጣሁ ቁጥር የማየው ፊቷን ነው።»

እውነቱን ነው፤ የሚያየው ፊቷን ነበር። ለምን እንደሆነ ግን አያውቅም፤ አርባ ዓመት ሙሉ የነገረው ሰው የለም። እኔም የማወቁን ያህል ያወቅኩት ልጅ ሆኜ ነው፣ ተጠይቄም አላውቅም።

ጥር 1977 ዓ.ም አዋሽ አጠገብ አንድ ባቡር ድልድይ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገባ። በመቶዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። አባዬ ለሥራ አዲስ አበባ ሄዶ በዚያው ሳምንት ይመለሳል ተብሎ ይጠበቃል። ወሬው ድሬ የደረሰው በአፍ ነው፤ የቱ ባቡር፣ ማን ነበረበት፣ ማን ተረፈ፣ ለእኛ የሚነግረን አልነበረም። እማዬ እጄን ይዛ መናፈሻው ሄደች። ብዙ ሰው ነበር፤ ግን ድምፅ አልነበረም፤ ይህን አስታውሳለሁ። ሦስተኛው ወንበር ላይ ፊታችንን ወደ በሩ አድርገን ተቀመጥን። ሲመሽ ቤት ገባን፣ ሲነጋ ተመለስን። በሩ በተከፈተ ቁጥር ጉልበቷ ጉልበቴን ይነካዋል። ከዛፎቹ ላይ የደረቀው ፍሬ እየተንኳኳ ይንጠለጠል ነበር፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን እንደ ጎራዴ እየያዝን የምንጫወትበት ፍሬ።

በሁለተኛው ቀን፣ ከተማው በተኛበት ሰዓት፣ አንድ ሰው ከኋላችን ስሜን ጠራ።

መስመሩ ተቆርጦ ስለነበር አባዬ በጭነት መኪና ነው የመጣው። ከጣቢያው ሳይሆን ከመንገዱ በኩል። ከፀጉሩ እስከ እግሩ አቧራ ነበር። እማዬ አልጮኸችም፣ አልተነሳችም። ዞራ አየችውና «ጫማህስ?» አለችው። ባዶ እግሩን ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ እማዬ ወደ ጣቢያው ዞራ ተቀምጣ አታውቅም። ከመስመር ሲመለስ ልንቀበለው ስንሄድ እኔን ወደ በሩ አዙራ ታስቀምጠኛለች፣ እሷ ወደ መንገዱ። ጀርባዋ ጀርባዬን ይነካል። «አንቺ ያንን ያዢ፣ እኔ ይሄን እይዛለሁ» ትለኝ ነበር። እሱ ከበሩ ብቅ ሲል «መጣ!» እላለሁ፤ ያን ጊዜ ትዞራለች። ከበሩ ለሚወጣው ሰው የሚታየው የዞረች ሴት ፊት ነው።

ይህን ሁሉ ለአባዬ የነገርኩት ጉጠቱን እንደያዘ ነው። ልጄ አንዴ እኔን አንዴ እሱን ያያል። አባዬ ምስሏን ወደ መዳፉ መለሳት።

«ከአዲስ አበባ ስመጣ አዋሽ ላይ ወርጄ ነበር» አለ በኋላ። «እጅ ስለሚያስፈልግ። ጫማዬን ለአንድ ልጅ ነው የሰጠሁት።» ሌላ አልጨመረም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ከዚያ ዛፎቹን ዘለግ ላለ ጊዜ አየ። «ጥር ላይ አበባ የለውም» አለ።

በማግስቱ ወረንጦ አመጣሁለትና ያን ሁሉ ቀይ ከአክሊሎቹ ላይ መልቀም ጀመረ። ልጄ ሊያለቅስ ደረሰ፤ ስንት ቀን የለፋበት ነው። አንዱን ዛፍ እንዲያስቀርለት ለመነው። «ጥር ነው ካልን ጥር ነው» አለው አባዬ፤ በሥራ ቀልድ አያውቅም። በምትኩ የፍሬውን ሥራ ሰጠው። ግማሽ ሜትር የሚሆነው ፍሬ ስድስት ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ቡናማ ወረቀት ቀጭን ቀጭን አድርጎ ቆርጦ፣ በትንሹ አጉብጦ፣ አንድ በአንድ ማንጠልጠል። ልጄ ከመቶ በላይ አንጠለጠለ። ሰጋቱራውንም አደረቅነው፣ ቢጫውን አበዛን። ሰዓቱም ተለወጠ። ሙሸበክ ሻጯ፣ ሎተሪ አዟሪው ወደ ክብሪት ሳጥን ተመለሱ። ጥቅል ላይ የነበሩት ሁለት ሴቶች ጥቅሉ ተወሰደባቸውና ወንበር ላይ ሆኑ። ሸሚዝ የለበሰው ተኛ ሰውዬ ቀረ።

አባዬ ሁለት ተጨማሪ ሰው ቀረጸ። አንዷ 14 ሚሊ ሜትር የማትሞላ ልጅ፤ ፀጉሯን ሹሩባ አደረገላት፣ በመርፌ ጫፍ። ሌላው የቆመ ሰው ነው። ሲቀባው እግሩን ጥቁር ሳይሆን የቆዳ ቀለም ቀባው። እግሩ ሦስት ሚሊ ሜትር ነው። ልጄ «ማን ያየዋል?» ቢለው «እኔ» አለ።

መናፈሻው አልቋል። አቧራ እንዳይበላው የአልጋ ላስቲክ እናለብሰዋለን፤ እንግዳ ሲመጣ ልጄ ነው የሚገልጠው። እናቴንና ያቺን ልጅ ሦስተኛው ወንበር ላይ ጀርባ ለጀርባ በቪናቪል አጣብቀናቸዋል። ሰውየውን ግን ልጄ አይጣበቅ ብሎ አስቸገረ፤ አባዬም እሺ አለው። ጠዋት ቡና ላፈላ ስነሳ አንድ ቀን በመንገዱ በኩል ቆሞ አገኘዋለሁ፣ አንድ ቀን ደግሞ በጣቢያው በር። ማን እንደሚያንቀሳቅሰው አልጠየቅኩም። አንዳንድ ሌሊት የአባዬ ክፍል በር ሲከፈት እሰማለሁ።